ጀርባዋን ለፏፏቴው

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ፣ በየከተማው ሲያድር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ እዚያ ምዕራብ ጫፍ፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት ቤት ሠራ። ያኔ ጎረቤቶቹ ጉሬዛዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ግን «አገሩ እንዴት ያምራል!» ያለ ሁሉ ጓዙን ጭኖ ይመጣል። ውሃ ለመቅዳት ሰልፍ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ለመተንፈስም ሰልፍ ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው ራሱ መጤ መሆኑን ረስቶ፣ መጤ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል።

ይባስ ብሎ አንዲት ልጅ መስኮቱ ሥር ቆርቆሮ ቤት አቁማ ፏፏቴውን ጋረደችበት። የሚገርመው፣ ሰው ሁሉ ለፏፏቴው ሲጋፋ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው፣ በሯንም መስኮቷንም ወደ እሱ ቤት አዙራለች።

የቀበሌውን ጸሐፊ ይዞ መጣባት።

«ዛሬውኑ ታፈርሻለሽ! አገሩ ሞልቷል፣ አልነገሩሽም?»

«ጋሼ፣ እኔ እንደሆንኩ ቀጭን ነኝ፤ ብዙ ቦታ አልይዝም።»

«አፏን እየው! የማን ስድ አደግ ነሽ አንቺ? ጻፍ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!»

ጸሐፊው የአቤቱታውን ወረቀት ዘረጋ። «ሙሉ ስም፣ ከነአያት?»

ልጅቷ ጸሐፊውን ትታ ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ትርንጎ ዳምጠው ጎሹ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። እላይ፣ «አመልካች» በሚለው ቦታ፣ ጠዋት ራሱ የጻፈውን ስም ደግሞ አነበበው፤ ዳምጠው ጎሹ።

«ጋሽ ዳምጠው፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልቀጥል?»