የታረቀኝ ለቀስተኞች

አብራሪ አልባዎቹ አውሮፕላኖች ማረፊያቸውን በጆሮ መፈለግ ከጀመሩ ወዲህ በከተማው ጮክ ብሎ ማልቀስ ክልክል ነው። አምና አንዱ የሰርግ እልልታ ተከትሎ ከብት ተራ አርፏል።

ማንያህልሻል የወንድሟን የታረቀኝን ለቅሶ ድንኳን ቃኘች። የአውሮፕላን ማረፊያው ሲስፋፋ ሰፈርተኛው ተነስቶ በየአቅጣጫው ስለተበተነ፣ የተቀመጡት እሷና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ናቸው።

"ታረቀኝ ከማንም ቀብር ቀርቶ አያውቅም። እሱን ማን ሊቀብረው ነው?" አለች።

"ቀስ ብለሽ አልቅሺ፣ ልጄ። የጠዋቱ አውሮፕላን እየመጣ ነው።"

"ትልቁ ነው ትንሹ?"

"ትልቁ፣ መንገደኛ ሞልቶ የሚመጣው። ምነው?"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከድንኳኑ ወጥታ፣ "ወንድሜን! ወንድም ጋሼን!" ብላ ጮኸች። አውሮፕላኑ አቅጣጫውን ቀይሮ መጣና ከድንኳኑ ጀርባ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ።

መንገደኞቹ እየተቆጡ ወረዱ። ድንኳኑን ሲያዩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ።

"እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ እህቴ። ማን ነው የሞተብሽ?" አለቻት አንዲት ሴት።

እስካሁን የጮኸችው በደረቅ ዓይኗ ነበር፤ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ፖሊስ ሊጠራበት ያወጣውን ስልክ ኪሱ መለሰና አግዳሚ ወንበሮቹን መግፋት ጀመረ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ከኋላ ወንበር የነበሩት ገና እየወረዱ ነው።"