አስቀድሞ ለበሬው

ሲሳይ የልብ ማዳመጫውን በበሬው ግራ ብብት ሥር ይሸጉጥና ዓይኑን ይጨፍናል። በሬው አይነቃነቅም። አምና ይኸንኑ የእንስሳት ሐኪም ከነጋውኑ አጥር ላይ የሰቀለ በሬ ነው።

«አባ ይሻው፣ ይኼ ያ ቦራ ነው? ወይስ ወንድሙን ነው ያሰሩልኝ?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ ምን ነካው? ጣራ ገዳም ሊመነኩስ ነው?»

ይሻው አይስቅም። ግንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ቅሉን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ የሐኪሙን ፊት ያያል። ቅሉ ውስጥ ያለው ይፋግ ካለ አዋቂ ያመጣው ሥር ነው፤ ተወቅጦ በውኃ የተበጠበጠ። አዋቂው «ቁጡን ያበርዳል» ብሎታል። ስሙን አልነገረውም፤ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል። ይሻውም አልጠየቀም። ወስዶ አስቀድሞ ለበሬው አጠጣው።

የታሰበው ለልጁ ነው። ሙሉሰው ከውትድርና ከተመለሰ ወዲህ በር ሲንኳኳ ይዘላል። በቀደም እናቱ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰው አንገቷን አንቆ ያዛት፤ ማን እንደሆነች ያወቀው ጎረቤት ደርሶ ካስለቀቀው በኋላ ነው። የጣቶቹ ምልክት እስካሁን በነጠላዋ ሥር አለ።

ሚስቱ ጌጤ ከጓሮ ትመጣለች።

«ደህና ነው አይደል፣ ዶክተር? አየኸው ይሻው፣ በዝንብ እንኳ አይቆጣም። አንተ በሬ ስታይ ልትከርም ነው?»

«ትንሽ ቆዪ።»

«አንገቱ ያንተ ቢሆን ቆዪ አትልም ነበር።»

ሲሳይ ማዳመጫውን ከጆሮው ያወጣል።

«ልቡ ይመታል። ግን ይዘገያል። አንዴ ይመታና የረሳ ይመስል ይቆማል፤ ከዚያ ያስታውሳል። ምን አጠጣችሁት?»

«ሥር።»

«የምን ሥር?»

ሐኪሙ ቅሉን ያያል፤ ቀጥሎ ጌጤ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ነጠላ ያያል።

«ለሰው ሊሰጡት ነው እንዴ?»

«አንተ የከብት ሐኪም ነህ፣ ልጄ» ትላለች ጌጤ። «የከብቱን ንገረን።»

«የከብቱን ከሆነ፣ አላምነውም። አንድ ቀን ልቡ ከረሳ፣ በዚያው ረሳ ማለት ነው። ይስሙት እስቲ።»

ይሻው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ሽቅብ የሚወጣ ሽማግሌ ነው የሚሰማው፤ ይራመዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይራመዳል። አያስደነግጠውም። የዘገየም ይደርሳል። ማዳመጫውን ይመልስና ቅሉን ለሚስቱ ይዘረጋላታል።

«ለሰው ግማሹ ነው የተባለው።»

እጇን ትሰዳለች። የቤቱ በር ይከፈታል፤ ሙሉሰው መዳፉ ላይ ጨው ይዞ ይወጣል። ቦራን ገና ጥጃ ሳለ ጨው ያስለመደው እሱ ነው። በሬው ሰውን ሁሉ ሲወጋ እሱን ይልሳል። ከውትድርና የተመለሰ ቀንም ከቤቱ ሰው ቀድሞ ያወቀው ቦራ ነበር፤ ገመዱን በጥሶ ነው የተቀበለው።

«ቦራ!»

የበሬው ጆሮ አይዞርም። ልጁ ቀርቦ መዳፉን ከአፉ ሥር ያደርግለታል። ምላሱ አይወጣም። ዝንብ ዓይኑ ላይ ታርፋለች፤ ዓይኑ አይከደንም። ልጁ በሌላ እጁ ቀንዱን ይዞ ይስበዋል። ጭንቅላቱ እስከተሳበበት ይመጣና እዚያው ይቀራል።

«ምን አደረጋችሁት?»

ጌጤ ወደ ይሻው ታያለች።

«አባዬ! ቦራን ምን አደረጋችሁት?»

የልጁ ዓይን ቀልቷል። ጌጤ ነጠላዋን ይዛ አንድ እርምጃ ታፈገፍጋለች። ሲሳይ ከበሬው ጀርባ ይቆማል። ይሻው ካለበት አይንቀሳቀስም። ልጁን ያያል፤ በሬውን ያያል፤ እንደገና ልጁን ያያል። ከዚያ ሚስቱ ልትነካው የደረሰችውን ቅል ወደ ራሱ ይመልስና አጥሩ ሥር ይደፋዋል። ጌጤ አትከለክለውም።

መሬቱ ይጠጣዋል። ሙሉሰው ወደዚያ አያይም። መዳፉን ከበሬው አፍ ሥር እንደዘረጋ ነው፤ ጨው በላቡ እየሟሟ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል።