ቀዩ ሽቦ

ልጄ ሙሉሐብት የጊታሩን ክር ይመታል። ዝም። መሬት ላይ ያለውን የሰርዲን ቆርቆሮ በእግሩ ይረግጣል፤ እንደገና ይመታል። ዝም።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን የሠራው ራሱ ነው፤ ከሟቹ አባቱ ሬዲዮ ሁለት ትራንዚስተር ፈልቅቆ። ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ ይጎትተዋል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው መሰንቆ ነው ይላል። የቀበሌው ኪነት ቡድን መሰንቆ መቺው ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ከወረደበት ወዲህ የሚፈልገው ይህንኑ ድምፅ ነው። የኪነት አባል ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና አይመዘገብም። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ይርጋ በራፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምልምሎቹ ዝርዝር አውራጃ ይገባል» ይላል።

«ትናንት ሠርቶ ነበር እኮ፣ ጓድ ይርጋ» ይላል ልጄ። «ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰምተውታል።»

«ትናንትማ ሰማሁ። ጊታር መቺ እንደሆነ ሞልቶኛል፤ ከጋይንት ብቻ አራት መጥተዋል። ይኼ ጣሳህ ዛሬ ካላለቀሰ የምታለቅሰው አንተ ነህ።» በራሱ ቀልድ ይስቃል።

እኔ ቆሎ በሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። የሚዘግን የለም።

ልጄ ቆርቆሮውን ትቶ ጊታሩን ድምፅ ማጉያ ካደረገው ቴፕ ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ይጮኻል። «ጊታሩ ደኅና ነው» ይላል ለራሱ፤ «ገመዱም ደኅና ነው።» የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ በአምፖል ይሞክራቸዋል። ይበራል። ክዳኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ብየዳ በክብሪት እንጨት ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ እጁ ይቆማል።

«ቀዩን ሽቦ ከዚህ ማን ፈታው?»

ጧት ጊታሩን ሊያመጣ ወደ አዳራሹ ሲሄድ ክዳኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ቀዩ ሽቦ ከቆርቆሮው አካል ጋር ታስሮ አየሁ። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ቀይ ፖዘቲቭ ነው፤ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ጥቁሩ ነው። ልጄ በዚያ በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ እርጥብ ጫማውን ቆርቆሮው ላይ ሲያሳርፍና እንደ እንጨት ሲደርቅ ታየኝ። ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጬ፣ እሱ እንደሚያስረው አጥብቄ አሰርኋቸው። በጊዜ አሳየሽኝ ብዬም እመቤቴን አመሰገንሁ።

ይርጋ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። ልጄ አጠገብ ቁጢጥ አልሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁት በሹክሹክታ።

አልጮኸብኝም። ምነው በጮኸብኝ።

«እምየ፣ ይኼ የድሮ ትራንዚስተር ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዚህኛው ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ቀዩ ነው። የተማርሽው ለሌላው ነው።»

ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ረገጠ። መታ። ዝም።

«ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል።»

«ሌላ የለም?»

«የት? ደብረ ታቦር ያለውን ሬዲዮ ጠጋኝ ሁሉ ጠይቄያለሁ።»

ይርጋ ዞሮ አየን፤ ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ። ሳህኑን አስቀምጬ እጁን ያዝሁት።

«ጓድ ይርጋ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልሁት። ልጁ ጥፋት የለበትም። አንድ ሳምንት ስጡት፤ ባሕር ዳር ልኬም ቢሆን አስመጣለሁ።»

«እትየ እቴነሽ፣ እንዲህ ያላለችኝ እናት የትኛዋ ናት?» እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ባለፈው አንዷ የልጄን ጣት በመጥረቢያ የቆረጥሁት እኔ ነኝ አለችኝ። ልጁን ሳስቆጥረው አሥሩም ጣቱ አለ።»

«እውነቴን ነው! እመቤቴን!»

«እውነት ከሆነማ ይባስ። የኪነትን ሥራ አውቆ ማበላሸት አሻጥር ይባላል። እንዲያ ብዬ ልጻፍ?»

አፌን ከፈትሁ። ጻፍ ልል ነበር፤ እምላለሁ፣ ልል ነበር።

«እናቴ ባትሪ ነክታ አታውቅም» አለ ሙሉሐብት። «አገላብጬ ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

ይርጋ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። የአባቱን ስም ከነአያቱ ጠየቀው፤ መለሰለት። ጊታሩ የቀበሌ ነው፤ ልጄ ክሮቹን በነጠላዬ ጫፍ ወልውሎ አስረከበው።

«ሰኞ ጧት በሁለት ሰዓት። ብርድ ልብስ ያዝ።»

ከሄደ በኋላ «ልጄ» እላለሁ። መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ ክር ለመምታት ብሎ ያሳደጋቸውን የቀኝ እጁን ጥፍሮች በጥርሱ እየቆረጠ ነው። አውራ ጣቱን ጨረሰ። ወደ ሌባ ጣቱ አለፈ።