የቀበሌው መስኮት

ሊቀመንበሩ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በገዛ እጁ የበየደውን የመስኮት ብረት በደስታ አየው። ብረቱ የሚገጠመው የጋሽ አብተው ልጅ ሐዲስ በታሰረበት የቀበሌ ክፍል መስኮት ላይ ነው። ናዝሬት ውስጥ በዚያ ሰፈር ከጋሽ አብተው ሌላ በያጅ የለም፤ የእስረኛ አባት እንዲበይደው ደግሞ ሊቀመንበሩ አላመነም። ስለዚህ ራሱ ሊማር እሳቸው ግቢ ሲመላለስ ሰነበተ።

«እህ ጋሼ፣ ተማሪዎ እንዴት ነው?»

ጋሽ አብተው ጎንበስ አሉ። ላዩ ያምራል፤ እሳቱ ግን ውስጥ አልዘለቀም፣ ብረቱ እላይ እላዩን ተለጥፎ ቀርቷል። አንድ ጎረምሳ ከልቡ ቢገፋው ይለቃል። መዶሻቸውን አነሱና እንቁላል እንደሚነካ ሰው ቀስ ብለው በብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት ብቻ አራገፉት።

«ጎበዝ! ይዟል።»

«እውነት?»

«ይዟል አልኩዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩ ሳቀና የብየዳውን መያዣ ወደ እሳቸው ዘረጋ። «እንግዲያው ስምዎን እዚሁ ይበይዱበት። የለቀቀ ቀን ማንን እንደምጠይቅ እንዳይጠፋኝ!»

በሩ ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ አብተው «ይቆዩ፣ እኔ ላጥብቀው» ቢሉ ማንም አይከለክላቸውም ነበር። ከዚያች አንዲት ቃል ሌላ መውጫም አልነበራቸውም። እሳቸው ግን ጭንብሉን ፊታቸው ላይ ደፉና ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ተጠንቅቀው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉት።