እያወቀች ነው የከፈተችው

«ሞኝ ናት እንጂ ሌላ ምን ትባላለች?» አሉ መምህሩ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፉ። «ወንድሟን ከዝናብ አስገብታ፣ አልብሳ አብልታ፣ እሱ የአባታቸውን ቤት ሸጦባት እብስ አለ። ደራሲው የዋህነት ምን እንደሚያስከትል ነው ያሳየን።»

በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክፍል የተሰበሰቡት ዐሥራ አምስት ሰዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጋሼ ሙጫ ብቻ አልነቀነቁም። 

ጋሼ ሙጫ ጠራዥ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት መጻሕፍት የሰፉት፣ ያጣበቁት፣ ልባስ ያለበሱት እሳቸው ናቸው፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያው ነው። ጡረታ የወጡ ዕለት «አንዲት ገጽ ከቦታዋ ሳላዛንፍ ወጣሁ» ብለው ደረታቸውን ነፍተዋል፤ የተከራከራቸውም ሰው የለም። ለሌላው የሰፉትን ያህል ግን ለራሳቸው አላነበቡም። ያነበቡትም ስለ ከዋክብት፣ ስለ ሰው አንጎል፣ ማልዶ ተነስቶ ሕይወትን ስለ መለወጥ የሚያወራውን ነው። ልብ ወለድማ «ለውሸት ጊዜ የለኝም!» ተብሎ ተዘግቷል። እዚህ ማኅበር ውስጥ ጎትታ ያስገባቻቸው ልጃቸው ናት። «አርባ ዓመት ጠርዤ በስተርጅና ጥራዝ ነጠቅ ልባል?» ቢሉም አልሰማቻቸውም።

ከዚያ ይቺ አጣቢ ሴት መጣችባቸው፤ የአንድ የቆየና የተወደደ ልብ ወለድ ባለታሪክ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ የያዙት ከእሱ የተነሳ ፎቶ ኮፒ ነው። ጋሼ ሙጫ ዋናውን ተዋሱ፤ መጀመሪያ እየተነጫነጩ፣ ቀጥሎ ምሳቸውን እየረሱ አነበቡት። ወንድሟ በሩን ሲያንኳኳ ሴትዮዋ ሸብታለች፤ ሃምሳ ገጽ አለፍ ሲል ደግሞ ፀጉሯ ጥቁር ነው። «ቀለም ትቀባለች እንዴ?» ብለው እንደገና ጀመሩት። በሦስተኛው ንባብ አንድ ነገር ሸተታቸውና መጽሐፉን ገልብጠው ክሩን አዩ። ቋጠሮው የራሳቸው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሲጠርዙት አንዱን እጥፍ፣ ዐሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ፣ ከኋላ አምጥተው መጀመሪያው አካባቢ ሰፍተውታል። ግርጌውንም አብዝተው ስለቆረጡት የገጽ ቁጥሮቹ አብረው ሄደዋል። ጉድ በል ያገር ሰው! ዛሬ መጽሐፉን ለመምህሩ ያስረከቡትም ይህን ሳይናገሩ ነው።

«ግን መምህር» አለች አንዲት ተማሪ፣ «መጀመሪያ ሸብታ ኋላ የምትጠቁረው ለምንድን ነው? ደግሞ እዚህ ጋ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቋረጣል።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ጥበቡ እሱ አይደል እንዴ! ጊዜን ሰባብሮታል። የተቋረጠው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የኀዘን ትንፋሽ ነው።»

«አቤት!» አለ አንዱ፣ ማስታወሻው ላይ እየጻፈ።

ጋሼ ሙጫን መሳቅም ማልቀስም አማራቸው። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል። ቢናገሩ ግን ይህ ሁሉ መደርደሪያ ሊታዘባቸው ነው። ላብ አጠመቃቸው። ልጃቸው ጉልበታቸውን ነካ አደረገች፤ «አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«እኔማ ሞኝ ብቻም አልላት» አለ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ነጋዴ። «ክብር የሌላት ሴት ናት።»

ጋሼ ሙጫ ብድግ አሉ። እናታቸው የተሰደበች ነው የመሰላቸው።

«ሞኝ አይደለችም! ሞኙ እኔ ነኝ። መጽሐፉን የጠረዝኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን እጥፍ ያለቦታው ሰፍቼዋለሁ። ትንፋሽ የሚባል ነገር የለም፤ የእኔ መርፌ ነው።»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። የጋሼ ሙጫ ጆሮ እንደ እሳት ጋለ፤ ቢሆንም አንዴ ጀምረዋል።

«በሩን የከፈተችለት ቤቱን ከሸጠባት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት የሰው ልብስ አጥባ፣ እጇ ተልጦ፣ ፀጉሯ ሸብቶ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋት እያወቀች ነው የከፈተችው! የአንጎሉ መጽሐፍ ይቅርታ ጭንቅላታችን ውስጥ በየት በኩል እንዳለ ነግሮኛል፤ ጎበዝ ብዬ ከደንኩት። እሷ በሩን ስትከፍት ግን ዝናቡ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ስሜ ይጥፋ እንጂ እሷ አትሰደብም።»

መምህሩ መጽሐፉን አነሱ። የተቋረጠውን ዓረፍተ ነገር በጣታቸው ይዘው ወደ ኋላ ብዙ ገጽ ገለጡ፤ ቀሪውን ግማሽ አገኙት። ደጋግመው አነበቡት።

«ጉድ ሠሩኝ እኮ ጋሼ!» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ስለዚያ ትንፋሽ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ።»

ተማሪዋ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም፣ መምህሩም ጭምር። ሳቁ ሲበርድ መምህሩ ወንበራቸውን ለቀቁ። «በሉ ይምጡ። በወጉ ያንብቡልን።»

ጋሼ ሙጫ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ አጣቢዋ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ጠነከረ። ነጋዴው የፎቶ ኮፒውን ገጾች ማስተካከሉን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ይሄኔ አርፍዶ የገባ አንድ ሰው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጠና «ማናቸው እኚህ ሰውዬ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

«አባቴ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «አንባቢ ነው።»

ጋሼ ሙጫ ሰሙ። እንዲህ ብሎ የጠራቸው ሰው እስከዛሬ አልነበረም። መስመሩ ጠፋባቸው። ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ሲፈልጉ፣ ሰዉ ሁሉ ጠበቃቸው።