ለንሳ ስትነዳ

ዘፋኙን ባይሳን በምዕራብ ሸዋ የማያውቀው ሰው የለም። ልጁ ለንሳ ግን የባይሳ ልጅ እየተባለች መጠራት ሰልችቷት የመኪና እሽቅድምድም ውስጥ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት አምቦ ላይ ለሚደረገው የአማተሮች ውድድር አባትና ልጅ ከአዲስ አበባ ሲወጡ፣ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች።

«ቀስ በይ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አላት፣ ኩርባ ላይ አንድ አይሱዙ ስትቀድም።

«እንዳይረፍድብኝ ነው፣ አባዬ።»

ጊንጪ ሲደርሱ ባይሳ እንደ ልማዱ ለሰላምታ እጁን በመስኮት አወጣ። አጸፋውን የመለሰለት ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ዳር ቆመዋል። ከየሱቁ የሚሰማው የእሱ የድሮ ዘፈን ነው። አንድ ሽማግሌ መኪናዋን እያዩ ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ማን ሞቶ ነው? አቁሚና እንጠይቅ።»

ለንሳ አላቆመችም። ባይሳ አምቦ ላለችው ሚስቱ ለሸዋገነት ደወለ።

«የት ናችሁ?» አለችው። «ሰው ግቢውን ሞላው። ድንኳን እየተከሉ ነው። መንገድ ላይ ናቸው፣ አሁን ይደርሳሉ ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ።»

ባይሳ ወደ ልጁ ዞረ። በሕይወቱ እንደዚያ ለምኗት አያውቅም። «ለንሴ፣ በፈጠረሽ አምላክ ቀስ በይ።»

«ደርሰናል እኮ» አለችና ነዳጁን ረገጠችው።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «ባይሳ» አለች ሸዋገነት፣ «ሁሉም እያለቀሰ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ልጅቷስ ተረፈች ወይ ይሉኛል።»