ጣሪያው ማፍሰሱን ሲያቆም

አዛውንቱ ሾፌር ጡረታ እስኪወጣ የነዳውን አሮጌ አውቶብስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን ነቃቅሎ፣ አልጋና ምድጃ አስገብቶ ቤት ካደረገው ሁለት ክረምት አለፈ። «ጣሪያው ማፍሰሱን ባቆመ ማግስት ተነስተን አገር ለአገር እንዞራለን» ይላል። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ያስነሳል፣ ግቢውን ሁለቴ ይዞራል፣ ተመልሶ ያጠፋዋል።

ጣሪያው ግን እምቢ አለ። የብሎኑን ቀዳዳ ሁሉ በሲልከን ደፈነ፤ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ ሬንጅ ቀባ። በዘነበ ቁጥር ሚስቱ፣ «የምንተስኖት አባት፣ ፍራሹ ደግሞ ረጠበ» ትለዋለች፣ የግቢው በር ከሚታይበት መስኮት ሳትነሳ። ምንተስኖት በዚያ በር ወጥቶ በበረሃ ከተሰደደ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ጠፍቷል።

ዛሬ አንድ ዘዴ መጣለት። ውሃው በየት እንደሚገባ ዱካውን ለማየት በባልዲ ሰማያዊ ቀለም በጠበጠና ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር አፈሰሰው።

«እህስ?» ብሎ ጮኸ።

ከውስጥ የጣሳ ኳኳታ ተሰማ።

«ኧረ አሁንም ያፈሳል!»

እየተንደረደረ ወርዶ ገባ። ፍራሹ መሃል ለመሃል ርሷል። ነጭ ጨርቅ አንስቶ ጫን አደረገበት። ጨርቁ ረጠበ እንጂ ቀለም አልነካውም።

ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ደረቅ ነው። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ናት፤ የቀሚሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ርሷል።

«ሲልከኑ አልቋል» አለና መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።